በሌለ በር ማጎንበስ፦ የዋሲፍ፣ ሳምስካራ እና “አመል ነው” የምንለው ነገር

ጊች ላይ አሁን ቤት የለም። ሣር አለ፣ ጅብራ አለ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። እዚህም እዚያም የቤት መሠረት የነበረ ድንጋይ ከሣሩ መሀል ብቅ ይላል። ከአጎቴ ጋር ከሳንቃበር ተነስተን፣ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን የወጣን ቀን፣ አጎቴ ከእነዚህ የድንጋይ ክቦች ወደ አንዱ ተጠጉ። ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገቡ።

በሩ የለም። ጉበኑም ግድግዳውም የለም። እሳቸው ግን ልክ ድሮ እንደሚገቡት፣ አናታቸው እንዳይመታ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነው የገቡት። እኔ ሳቅሁ። እሳቸውም ነቃ ብለው ሳቁ። “አየህ፣ እኔ ብረሳው አንገቴ አልረሳውም” አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች ማጎንበስ ነው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ ያችን ማጎንበስ እንድረዳ ስላገዘኝ አንድ የግዕዝ መጽሐፍ። መጽሐፉ “በሪላም ወየዋሲፍ” ይባላል። የህንድ ልዑል ታሪክ ነው። እንዴት ከጊች ጋር እንደሚገናኝ ቀስ እያልኩ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ጥፋቴን ልናገር።

ጊች በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር አካባቢ ላይ የነበረ መንደር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፣ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከምክንያቶቹ መሀል እርሻና ግጦሽ ነበሩበት። በመጨረሻ እስከ 2016 ድረስ 418 የጊች አባወራዎች ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝሩ ወጣ። የእናቴ ወገኖች ከ418ቱ መሀል ናቸው።

ካሳው ብዙዎቹ በእጃቸው ይዘው የማያውቁት ገንዘብ ነበር። አጎቴ በከፊሉ ቤት ሠሩ፣ በከፊሉ ሱቅ ነገር ሞከሩ፣ ሱቁ አልሆነም። ገብስ የሚዘራ ሰው ከተማ ላይ ዱቤ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ኮድ እጽፋለሁ፣ ደሞዜ አይከፋም፣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። በስልክ ስለ ሱቁ ሲነግሩኝ “እናንተ እኮ አመላችሁ ነው፣ ገንዘብ መያዝ አታውቁም” አልኳቸው። እናንተ አልኩ። እንደ ሌላ ሰው።

ዝም አሉ። ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ አልተደዋወልንም። እኔም “አኩራፊነት አመሌ ነው፣ ካባቴ የወረስኩት ነው” እያልኩ ዝምታውን ለራሴ አጸደቅሁት። ልብ በሉ፣ በአንድ ቃል ሁለት ሥራ ሠራሁ፦ “አመል” ብዬ እሳቸውን ከሰስኩ፣ “አመል” ብዬ ራሴን ነጻ አወጣሁ።

*

ሳምስካራ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ነው። ፕሮግራሚንግ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ነበሩ። አገራችን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በህንዳውያን መምህራን ተምራለች፤ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን መሀል ሒሳብ ያስተማራቸውን ህንዳዊ መምህር የማያነሳ ጥቂት ነው። የእኛው መምህር የተማሪ ኮድ ሲያዩ፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠራውን ልጅ “ይህ ስህተት አይደለም፣ ሳምስካራህ ነው” ይሉት ነበር። ቀልድ መስሎን አለፍነው። ከዓመታት በኋላ፣ ከአጎቴ ጋር ስንኳረፍ፣ ቃሉ ትዝ አለኝና ማንበብ ጀመርኩ።

በህንድ ፍልስፍና፣ በተለይ በዮጋ ትምህርት፣ ሐሳቡ እንዲህ ነው። የምታደርገው፣ የምታስበው፣ የምትቀምሰው ነገር ሁሉ በአእምሮህ ላይ ምልክት ትቶ ያልፋል። ያ ምልክት ሳምስካራ ነው። ምልክቶቹ ሲደራረቡ ወደ አንድ አቅጣጫ የማዘንበል ዝንባሌ ይሆናሉ፤ እሱ ደግሞ ቫሳና ይባላል። ዝንባሌው ድርጊት ይወልዳል፣ ድርጊቱ አዲስ ምልክት ይተዋል፣ እንዲያ እያለ ይዞራል። የህንድ ሊቃውንት ይህ ዙር በሞት አይቆረጥም ይላሉ፤ ሕፃን ሲወለድ ካለፈ ሕይወት ያመጣው ዝንባሌ አብሮት ይወለዳል። “የተፈጥሮ” የምንለው ነገር በእነሱ ዘንድ የተረሳ ልማድ ነው።

ቫሳና የሚለው ቃል ከሽታ ጋር ይያያዛል፤ የታጠነ ልብስ ላይ እንደሚቀረው ሽታ። ይህን ለማብራራት ወደ ህንድ መሄድ አያስፈልግም። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ያጥናሉ። ጭሱ ይወጣል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ዕቃው ይታጠባል። ነገ የሚገባበት ወተት ግን ወይራ ወይራ ይላል። ወተቱ ወይራ አላየም። ዕቃው አይቷል።

በሙያዬ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለኝ። በማሽን ለርኒንግ አንድ ሞዴል ስታሠለጥን፣ የምታሳየው እያንዳንዱ ምሳሌ ዌይት የሚባሉትን ቁጥሮች ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይገፋቸዋል። ምሳሌዎቹ ራሳቸው ሞዴሉ ውስጥ እንደ ፋይል አልተቀመጡም። የቀረው የገፉት መጠን ነው። ሞዴሉ “ለምን እንዲህ መለስክ?” ቢባል አያውቅም፤ ብቻ ወደዚያ ያዘነብላል። አጎቴም ለምን እንዳጎነበሱ አላሰቡም።

እንግዲህ ይህን ቃል ወደ አማርኛ እንዴት እንመልሰው? “ተፈጥሮ” ካልነው ስህተት ነው፤ ተፈጥሮ ያልሠራኸው፣ የተሰጠህ ነው። “ባሕርይ” ስንል ደግሞ እሳት ማቃጠሉን፣ ውኃ ማራሱን የመሰለ የማይለወጥ ነገር ይመጣብናል። “ዕጣ ፈንታ” ይባስ። እኔ የሚቀርበው “አመል” ነው ባይ ነኝ፤ ግን አመል በአፋችን ሁለት ሰው ነው። አንደኛው አመል “አመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያህ” የሚለው ተረት ውስጥ ያለው ነው፦ የምትሸከመው፣ የምትይዘው፣ ብትፈልግ የምትሸሽገው ነገር። የአንተ ነው እንጂ አንተን አይደለም። ሁለተኛው አመል እኔ በስልክ ለአጎቴ ያልኩት ነው፦ ሰውዬውን ራሱን የሚያክል፣ ዘሩን የሚያክል ፍርድ።

ሁለቱ አመሎች የሚለያዩበትን ቦታ ያሳየኝ የዋሲፍ ነው።

*

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ። በህንድ አገር አንድ ንጉሥ ነበር፤ ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ። ልጅ ወለደ። ኮከብ ቆጣሪዎች ሲጠየቁ አንዱ፣ ይህ ልጅ የሚነግሠው በአንተ መንግሥት ሳይሆን በሌላ፣ በሚበልጥ መንግሥት ነው አለ። ንጉሡ ደነገጠ። ለልጁ ከሰው የራቀ ያማረ ቤተ መንግሥት ሠራ፣ ወጣትና ጤነኛ አገልጋዮች ብቻ አስገባ፣ ስለ ሞት፣ ስለ እርጅና፣ ስለ በሽታና ስለ ድህነት ማንም ትንፍሽ እንዳይል አዘዘ። ልጁ አደገ፣ “ለምን ተዘጋብኝ?” ብሎ ጠየቀ፣ እያደር ወጣ፣ በሽተኛና ሽማግሌ አየ፣ ተናወጠ። ከዚያ በሪላም የሚባል መናኝ የከበረ ድንጋይ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ገብቶ አስተማረው። ልዑሉ በኋላ መንግሥቱን ትቶ መነነ።

“ይህ የቡድሃ ታሪክ አይደለም እንዴ?” ካላችሁ፣ ነው። ቦዲሳትቫ የሚለው የህንድ ቃል በአረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። በአረብኛ “ባ” ከሥሩ አንድ ነጥብ፣ “ያ” ደግሞ ሁለት ነጥብ አላት። በአንዲት ነጥብ ስህተት ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፣ በጆርጂያና በግሪክ ዞሮ ዮሳፋት ሆነ፣ በእኛ የዋሲፍ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ አንዲት ነጥብ የሳተችበት ስም ሰባት አገር ዞራ ማንም ሳያርማት ቅዱስ ሆና አረፈች። በምሥራቁም በምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን በሪላምና የዋሲፍ ቅዱሳን ተብለው ተቆጥረዋል።

ወደ ግዕዝ የመለሰው እጨጌ ዕንባቆም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከአረብኛ። ዕንባቆም ራሱ የመን ተወልዶ፣ ወደ አገራችን መጥቶ፣ ክርስትናን ተቀብሎ፣ ለደብረ ሊባኖስ እጨጌነት የበቃ ሰው ነው። “አንቀጸ አሚን”ን ለኢማም አሕመድ የጻፈውም እሱ ነው። አስቡት፤ የተወለደበትን ሃይማኖትና አገር ትቶ የመጣ ሰው፣ አባቱ ያዘጋጀለትን ሕይወት ትቶ ስለወጣ ልዑል ይተረጉማል። ታሪኩ በእጁ ሲገባ ለሱ ምን ማለት እንደነበር አልጽፍም፤ ግን ለምን ይህን መጽሐፍ መረጠ ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

*

አሁን ወደ ትችቱ። መጽሐፉ ከህንድ ተነስቶ ደብረ ሊባኖስ እስኪደርስ ብዙ ነገር ለብሷል። አንድ ነገር ግን አውልቋል፦ ያለፈ ሕይወትን።

በህንዱ ታሪክ ልዑሉ ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ የሚወጣው ምክንያት ስላለው ነው። ቁጥር ስፍር በሌለው ልደት ራሱን ሲሰጥ፣ ሲታገሥ፣ ሲለማመድ የኖረ ፍጡር ነው። አባትየው የሚዋጋው ከአንድ ልጅ ጋር ሳይሆን ከብዙ ሕይወት ልምምድ ጋር ነው፤ ለዚያ ነው የሚሸነፈው። ብሃጋቫድ ጊታ የሚባለው የሂንዱዎች መጽሐፍ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም ስድስተኛው ምዕራፉ ላይ ይህንኑ ይላል። አርጁና የሚባለው ጦረኛ “ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ልፋቱ ከንቱ ይቀራል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ክሪሽና፣ አይቀርም፣ ያ ሰው ዳግም ሲወለድ የድሮው ልምምዱ ሳይፈልግ እንኳ ይዞት ይሄዳል ብሎ ይመልስለታል።

በግዕዙ ይህ ሁሉ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፣ ክርስቲያን አንድ ጊዜ ነው የሚወለደው። ታዲያ የዋሲፍ “ለምን ተዘጋብኝ?” ብሎ የጠየቀው ምን ገፍቶት ነው? ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል። ሞትን አያውቅም። ያላየውን ነገር እንዴት ናፈቀ? መጽሐፉ አስተዋይና ጠያቂ ልጅ ነበር ይልና ያልፋል። የህንዱ ታሪክ ምክንያት የነበረበት ቦታ ላይ ክፍት ቀርቷል።

መጀመሪያ ሳነብ ይህን እንደ ድክመት ቆጠርኩት። ከማዕከላዊ ፋይሉ የተቆረጠ፣ ግን አሁንም የሚጠራ ፈንክሽን መሰለኝ። ቆይቼ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ክፍተቱ የመጽሐፉ ጉልበት ነው። ያለፈ ሕይወት ሲወጣ፣ የልጁ ጥያቄ ለማንም ሰው ሊደርስ የሚችል ጥያቄ ይሆናል። ያኛው ልዑል የሚወጣው እሱ ስለሆነ ነው። ይኸኛው ልዑል ማንም ሊሆን ይችላል። የደባርቅ ልጅም ጭምር።

እኛ ቤት፣ የጊች ሰው እስላም ነውና፣ ለዚህ ክፍተት ሌላ ቃል አለ፦ ፊጥራ። ልጅ ሁሉ በቀና ተፈጥሮ ይወለዳል፣ ከዚያ ወላጅ ወዲህና ወዲያ ይወስደዋል የሚል ትምህርት ነው። ስለ የዋሲፍ ለአጎቴ በመንገድ ስነግራቸው “ታዲያ በፊጥራው ጠየቀ እንጂ!” አሉኝ፣ ነገሩ ግልጽ ሆኖላቸው። ሦስት አገር ያከራከረውን ነገር በቅሎ እየነዱ ፈቱት።

*

የመጽሐፉ ከባዱ ክፍል ግን ወደ መጨረሻው ነው። ንጉሡ ልጁን በክርክር ማሸነፍ ሲያቅተው ጠንቋይ ያስመጣል። በግሪኩ ቅጂ ጠንቋዩ ለንጉሡ አንድ ተረት ይነግረዋል። አንድ ሌላ ንጉሥ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብርሃን በሌለበት ዋሻ ያሳድገዋል። ልጁ ሲወጣ ዓለምን ሁሉ በየስሙ ያሳዩታል፤ ወርቁን፣ ፈረሱን፣ ልብሱን። ሴቶች ሲያይ “እነዚህስ ምንድን ናቸው?” ይላል። አንዱ ባለሟል በቀልድ “ሰው የሚያስቱ ሰይጣኖች ናቸው” ይለዋል። አባቱ “ካየኸው ሁሉ የቱን ወደድክ?” ሲለው ልጁ “እነዚያን ሰይጣኖች” አለ።

ተረቱ ያስቃል። ዓላማው ግን አያስቅም። ጠንቋዩ የሚለው፦ ተፈጥሮ ዋሻ አይበግራትም፤ ስለዚህ የልጅህን ክፍል በቆነጃጅት ሙላው፣ አመሉ ቀሪውን ይሠራል። ንጉሡም እንዳለው ያደርጋል። የዋሲፍ ይፈተናል፣ መጽሐፉ ፈተናውን አይደብቅም፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። አይወድቅም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ ዝንባሌ የለም አይልም። የዋሻው ልጅ ተረት ውሸት ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ዝንባሌው አለ፣ ብርቱ ነው፣ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳይታወቅ ይመጣል። ሐሰት የሚሆነው “ስለዚህ ያደርገዋል” የምትለዋ መደምደሚያ ናት። “አመሉ ነው፣ አለቀ” የሚለውን ፍልስፍና ደራሲው የሰጠው ለጠንቋዩ ነው።

ጊታም ተመሳሳይ ገጽ አለው፤ ግን እሱ ሁለቱን ድምፅ ለአንድ አፍ ሰጥቷል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ክሪሽና ሰው ሁሉ እንደ ተፈጥሮው ይሠራል፣ ማፈን ምን ይፈይዳል ይላል። ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ መውደድና መጥላት በየነገሩ ተቀምጠው ይጠብቁሃል፣ በእነሱ ሥር አትውደቅ ይላል። አሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ፣ አልዋጋም ብትል ተፈጥሮህ ያስገድድሃል ካለው በኋላ፣ በጥቂት ቁጥሮች ልዩነት፣ ሁሉን አሰላስልና የወደድከውን አድርግ ብሎ ይለቀዋል። ይህን መጽሐፍ ሰዎች ለሺህ ዓመታት የሚከራከሩበት ያለ ነገር አይደለም። እንደምትጥለው ቁጥር ወይ እስር ቤት፣ ወይ መክፈቻ ይሆንልሃል።

ፓታንጃሊ የሚባለው የዮጋ ሊቅ ይበልጥ ግልጽ ነው። በአራት ክፍል ባስቀመጣቸው 195 ገደማ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ስለ ምልክቶቹ እንደ መካኒክ ነው የሚናገረው። ዝንባሌ ሁሉ በአንዴ አይወጣም፤ ሁኔታው የፈቀደለት ብቻ ይወጣል። ቦታና ዘመን ቢለያየውም ግን አይቋረጥም፣ ትዝታና ምልክት አንድ ዘር ናቸውና። ይህን ሳነብ የአጎቴ ማጎንበስ መጣብኝ፦ ደባርቅ ላይ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው ምልክት፣ ድንጋዩን ሲያይ ብድግ አለ። መድኃኒቱንም እዚያው ጽፎታል፦ ክፉ ሐሳብ ሲጎትትህ ተቃራኒውን አለማምድ፤ አዲስ ምልክት የድሮውን ምልክት ይገታል። ዕቃው ከታጠነ፣ በሌላ እንጨት እንደገና ሊታጠን ይችላል።

*

ይህን ሁሉ ስል የህንድ ፍልስፍና ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ያው ጊታ፣ ያው አሥራ ስምንተኛ ምዕራፍ፣ የአራቱን የሕብረተሰብ መደብ ሥራ ከተፈጥሯቸው በተወለደ ጠባይ ይከፋፍለዋል። በዚህ ሐሳብ ጥላ ሥር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ከጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ ተከልክለው ኖረዋል። “ያለፈ ሕይወትህ ነው” የሚለው ቃል ለተጨቆነ ሰው ሲነገር ከጭቆና የከፋ ነው፤ ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞርበታል። ከዚያ መደብ የተወለደው አምበድካር እ.ኤ.አ. በ1927 ማሃድ ላይ የማኑን ሕግ በአደባባይ አቃጠለ፤ በ1956 ደግሞ ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ወደ ቡድሃ ሃይማኖት ገባ። የዋሲፍ ወደሆነው ልዑል ማለት ነው። ክቡ ይገርማል።

እኛስ? እኛ ዳግም ልደት አናምንም፤ ግን “አጥንት” እናምናለን። ከደባርቅ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር በማትርቀው ጎንደር ዙሪያ ማረሻችንን ሲቀጠቅጡ፣ ጋናችንን ሲጠፈጥፉ የኖሩትን ቤተ እስራኤል “ቡዳ” ብለን ቀን በእጃቸው ስንጠቀም፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ስንል ኖረናል። አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፦ በየሰፈሩ “ከዘሩ ነው” ተብሏል። ትንቢተ ኤርምያስ ላይ ያለውን ስለ ኢትዮጵያዊና ስለ ነብር የሚናገረውን ጥቅስ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ለማይለወጥ ተፈጥሮ ማስረጃ አድርገን ነው የምንጠቅሰው። መጨረሻውን ያነበበ ግን ነገሩ ስለ ቆዳ እንዳልሆነ ያያል፤ ክፋትን ስለለመዱ ሰዎች ነው የሚናገረው። ስለ መልመድ። የእኛም ተረት “የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ” ነው የሚለው፤ የለመደ እንጂ የተወለደ አይልም።

ስለ ጊች ሰው የሚባለውንም ልጨምር። “ጫካ መጨረስ አመላቸው ነው።” “ከተማ አይሆንላቸውም።” ገደል አፋፍ ላይ ገብስ የሚያርስ ሰው ሌላ ማረሻ ቢያጣ ነው እንጂ ገደል በደሙ ስላለ አይደለም። ከብት ወደ ጓሳው የሚያስገባ ሰው ሌላ ግጦሽ ስለሌለው ነው። ፓርኩ መጠበቅ የለበትም አልልም፤ ዋልያ ሌላ አገር የለውም። የምለው፣ ኑሮ ያስያዘውን ነገር ተፈጥሮ ብለን ስንጠራው ጥያቄው ሁሉ ይዘጋል ነው። ማን ምን ሠጣቸው? ሱቅ ለሚከፍት ገበሬ ሒሳብ ያስተማረው ማነው? እኔ የወንድም ልጅ ያህል የቀረብኩ፣ ኤክሴል የማውቅ፣ አንድ ቅዳሜ ወርጄ አስተማርኳቸው ወይ? አላስተማርኩም። “አመላችሁ ነው” አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

ከመጽሐፉም ጋር የማልስማማበት ቦታ እዚህ ነው። የዋሲፍ ጠንቋዩን ያሸንፋል፣ መንግሥቱን ግን ትቶ ወደ በረሃ ይሄዳል። መጽሐፉ ዝንባሌን የሚያሸንፈው ከቦታው በመውጣት ነው፤ ወጥቶ መሄድ የመጨረሻው መልካም ነገር ነው። ለመነኩሴ ይህ ይገባኛል። ግን ሳይወዱ ከቦታቸው ለወጡ ሰዎች መውጣት ነጻነት አይደለም፤ የታጠነውን ዕቃ ይዘው ነው የሚወርዱት። ለእነሱ ከዋሲፍ ይልቅ ፓታንጃሊ ይጠቅማል፦ ባለህበት፣ በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግመህ። ይኼ ደግሞ ብቻህን አይሆንም፤ አጠገብህ ቆሞ “እንደገና ሞክር” የሚል ሰው ይፈልጋል። በሪላም ያደረገው አንድ ትልቅ ነገር ይሄ ነው፤ መጥቷል። ነጋዴ መስሎ፣ በር አንኳኩቶ፣ መጥቷል።

*

ያን ቀን ጊች ላይ፣ አጎቴ ክቡ መሀል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ በስልክ ያልኳቸውን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ብዙ አልተናገሩም። “ሱቁስ ቢሆን እውነትህን ነው፣ አላወቅሁበትም” አሉ፣ ቀጥለው “አለማወቅ ግን አመል አይደለም” አሉ። ያን ያህል ነው። አሁን በየወሩ መጨረሻ የበቅሎ ኪራዩን ሒሳብ በስልክ አብረን እንሠራለን። ሁለት ጊዜ ተኳርፈናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀድሜ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ስደውል እጄ እየከበደኝ።

ማታ ደባርቅ ደረስን። የቤታቸው በር ከፍ ያለ የቆርቆሮ በር ነው፤ ማንም ቢሆን ቀና ብሎ ያልፍበታል። አጎቴ ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከኋላቸው ልጃቸው ነበር፤ ከጊች ሲነሱ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረው፣ አሁን በቁመት አባቱን የሚበልጠው።

እሱ ቀጥ ብሎ ገባ።